ዶሮ የተኛችበት ድምፅ ማጉያ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ አፍሬበት አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ወንበር እቆጥራለሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፣ የጠፋ መጥረጊያ አፈላልጋለሁ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ሰው "ደህና አደርክ?" ባለኝ ቁጥር "ይኼ ደግሞ ምን ሊወስድ ነው?" እያልኩ ስኖር አመሉ ከቢሮ ተከትሎኝ ቤቴ ገባ። ባለቤቴ ወጥ ስትጨምርልኝ እንኳ "ዛሬ ምን አጥፍታ ይሆን?" ብዬ አያታለሁ። እሷም ታውቀኛለች። አንዳንድ ቀን ምንም ሳታጠፋ ሆን ብላ ትጨምርልኛለች፤ እንቅልፍ አጥቼ ሳድር ማየት ደስ ይላታል።

ሌላም አመል አለብኝ። አሮጌ ሬዲዮና ቴፕ ካየሁ እግሬ አይታዘዘኝም። ቤቴ አምስት ሬዲዮ አለ፤ አንዱም አይናገርም። ባለቤቴ "እነዚያ ዝምተኞች" ትላቸዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ በአንሶላ ትሸፍናቸዋለች።

እንግዲህ ሚሊኒየሙን ካከበርን ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ፣ በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ፣ ለለቅሶ ዳንግላ ሄድኩ። ለቅሶውን ደርሼ ወደ መናኸሪያ ስመለስ ሰማዩ ተቀደደ። ሮጬ የገባሁት እትዬ የሻረግ የሚባሉ ሴት ሻይ ቤት ነበር። ስማቸውን ኋላ ነው ያወቅኩት። ያን ጊዜ ያየኋቸው ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ብርጭቆ የሚያጥቡ፣ ደንበኛ ሲገባ ቀና ብለው መጀመሪያ ጫማውን የሚያዩ ሴት ሆነው ነው።

ሻይ አዝዤ ዞር ስል ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ አንድ የእንጨት ሳጥን ላይ ጉብ ብላለች። ሳጥኑ ማዞሪያ አለው። ሦስት ማዞሪያ! ዶሮ ደግሞ ማዞሪያ ያለው አልጋ ላይ ስትተኛ አይቼ አላውቅም።

"እትዬ፣ ይቺ ዶሮ የተቀመጠችበት ምንድን ነው?"

"ሳጥን ነው።"

"የምን ሳጥን?"

"የዶሮ።"

ጎንበስ ብዬ ኋላውን አየሁ። ዶሮዋ እጄን ሁለቴ ነቆረችኝ፤ አልተመለስኩም። በቀዳዳው ውስጥ የድሮ የብርጭቆ አምፑሎች፣ እነዚያ የሙያው ሰዎች ቫልቭ የሚሏቸው፣ አቧራ ለብሰው ቆመዋል። ድምፅ ማጉያ ነው! ከጎኑ ትንሽ ቆርቆሮ ተመቷል፤ በምስማር ጫፍ የተጻፈበት እንዲህ ይላል፦ "ዳንግላ ተሠራ። ፈ. እና ማ."

በዕድሜዬ ከዕቃ ጀርባ ጃፓን የሚል አንብቤያለሁ፣ ጀርመን የሚል አንብቤያለሁ። ዳንግላ የሚል ያነበብኩት ግን አውቶቡስ ግንባር ላይ ብቻ ነው። ወዲያው ጠረጠርኩ፤ አንድ አጭበርባሪ ቆርቆሮውን ለጥፎበት ይሆናል። ቀጥሎ ጥርጣሬዬን ጠረጠርኩት። አጭበርባሪ ቢሆን ጃፓን ብሎ ይጽፋል እንጂ ዳንግላ ብሎ ጽፎ ምን ይጠቀማል?

"እትዬ፣ ይሽጡልኝ።"

"ዶሮዋን?"

"ሳጥኑን።"

የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "ለምን?"

"እንዲሁ… ለትዝታ።"

"የማን ትዝታ? ዛሬ ያየኸው የኔ ሳጥን ምን አድርጎህ ነው ትዝ የሚልህ?"

ዋጋ ጠራሁ። "ይኼን ያህል ካወጣህበትማ ውስጡ የሆነ ነገር አለ" አሉ። ጨመርኩ። "አሁንስ ፈራሁህ" አሉ። ደንግጬ ቀነስኩ። "አየህ! ልታታልለኝ ነው የመጣኸው" አሉ። ከፍ ብል ጥፋት፣ ዝቅ ብል ጥፋት። በመጨረሻ እጅግ ብልህ የሆንኩ መሰለኝና ዶሮዋን ልግዛ፣ ሳጥኑን ማጓጓዣዋ አድርገው ይስጡኝ አልኳቸው።

"ዶሮ እግሯ ታስሮ ነው የሚወሰድ" አሉኝ። "አንተ ወንድሜ፣ የንብረት ሰው ነህ እንዴ? ዓይንህ ይቆጥራል።"

ምን ልበል? ከሚጠራጠር ሰው ጋር መነጋገር ምን ያህል እንደሚያደክም ያን ቀን ገና ገባኝ። ባለቤቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝናቡ ሲያባራ እትዬ የሻረግ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ሳጥኑን እወስዳለሁ፤ ግን እሳቸውም አብረውኝ እንጅባራ ይሄዳሉ፤ ዓይናቸው እያየ ይከፈታል፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነገራል። እንጅባራ እህት አለቻቸው፣ ማደሪያ አያጡም። ሻይ ቤቱን ቆለፉ፣ ሳጥኑን በጋቢያቸው ጠቀለሉት፣ ዶሮዋን ብብታቸው ሥር አደረጉ። ብቻዋን ማደር አትወድም አሉኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ሳጥኑ የኔም የእሳቸውም ጭን ላይ፣ እኩል በእኩል ተቀመጠ። ከፊታችን የቆዳ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰውዬ ዞር አለ።

"ምንድን ነው እሱ?"

እኔ "ሳጥን" ስል እትዬ የሻረግ "የዶሮ ቤት" አሉ። እኩል ነው የመለስነው።

ሰውዬው ዶሮዋን አየ። "የዶሮ ቤት ከሆነ ዶሮዋ ለምን ውጭ ቀረች?"

ነፋስ ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግና ማዞሪያው ብቅ ሲል የሰውዬው ዓይን ፈጠጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሚኒባሱ በሙሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ "ቀይ ሜርኩሪ!" አለ። ያን ሰሞን አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር አለ፣ ጠብታው ቤት ያሠራል የሚል ወሬ ከተማውን አጥለቅልቆት ነበር። ያየው ሰው ግን የለም። ሰውዬው ዕውቀቱን ዘረገፈው፤ ሜርኩሪው እውነተኛ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ሲያይ ይሸሻል አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ከገበያ የገዙትን ነጭ ሽንኩርት አቀበሉ። ሰውዬው አንዱን ራስ ይዞ ወደ ሳጥኑ ሲያስጠጋ ዶሮዋ ያልለመደችው እጅ አስደንግጧት ከብብት ተስፈንጥራ ሹፌሩ ትከሻ ላይ አረፈች።

"ሸሸ! ሸሸ!" ብሎ ሚኒባሱ ጮኸ።

"ዶሮዋ ናት እኮ የሸሸችው!" አልኩ።

"ከሱ የተነሳ ነው!" አሉኝ።

ሽንኩርቱን ያቀበሉት ሴት ደግሞ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሜርኩሪ ከሆነ ለምን ጋቢ ለበሰ? ቅርስ ቢሆንስ? የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቢሆንስ? አሉና አማተቡ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በጆንያ ተደርድሮ መንገዱን በሞላበት ቦታ፣ ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በመስኮት በኩል ሜርኩሪ፣ በበር በኩል ቅርስ። ድምፅ ማጉያ ነው የምል እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔን የሚያምን ደግሞ የለም። ሹፌሩ ትከሻው ላይ የተደረገበትን ሳይጠርግ፣ እንጅባራ ሲደርስ መናኸሪያውን አልፎ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አቆመን።

ተረኛው ሳጅን ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ሰጠን፣ ዶሮዋን ሳይቀር በዓይኑ አስተናገዳት።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ድምፅ ማጉያ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል? የማን ነው?"

"የእሳቸው" አልኩ።

"የሱ ነው" አሉ እትዬ የሻረግ።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ስንሻማበት የመጣነውን ሳጥን አሁን አንዳችን ወደ አንዳችን እየገፋነው ነው። ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ለአሥራ ስምንት ዓመት ስንቱን ሰው በዚያ ዓይን እንዳየሁት ትዝ አለኝ። ሰኞ ቢሮ ስገባ "የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በቅርስ ተያዘ" ሲባል ታየኝ። የሻይ ኩባያ የጠፋባቸው ሁሉ ወደ እኔ ሲጠቁሙ ታየኝ።

ሳጅኑ ካሰበ በኋላ "የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይመልከተው" ብሎ ጋሼ ፈንታሁንን አስጠራ። ጋሼ ፈንታሁን መናኸሪያው አጠገብ ቁም ሣጥን በምታህል ጠባብ ክፍል ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ከተማው ሁሉ በሙያቸው ያምናል፤ በወሬያቸው ግን አያምንም። "እኔ ድሮ ድምፅ ማጉያ በእጄ ሠርቻለሁ" ይላሉ፤ ሰው "እንዴታ ጋሼ!" ይላቸውና ዞር ብሎ ይስቃል። ከሚስቁት እኔም አንዱ ነበርኩ።

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሙ። ሰላም አላሉንም። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ጋቢውን አንሱለት" አሉ። ተነሳ። ዙሪያውን አዩት። ከዚያ ወደ ሳጅኑ ዞሩ። "ከመከፈቱ በፊት ልናገር፤ ኋላ አናምንህም እንዳትሉኝ። አራት አምፑል አለው፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ ያጥራል። ቀኝ ጥግ ላይ ሽቦውን የያዘው የቀበቶ ቆዳ ነው። የገዛ ቀበቶዬ። ያን ቀን ሱሪዬን በገመድ አስሬ ነው ቤቴ የገባሁት።"

ሳጅኑ ካቻቪቴ አቀበላቸው፤ ከፈቱት። የዶሮ ላባ ወጣ። ከላባው በታች አራት አምፑል፣ ሦስተኛው አጭር። ቀኝ ጥግ ላይ፣ ቀዳዳው ሳይቀር፣ የቀበቶ ቁራጭ።

ሳጅኑ ከወንበሩ ተነሳ። "ጋሼ፣ ይቀመጡ" አለ።

ሁሉም ሲገረም እኔ አንድ ነገር አሰብኩ። ከዚህ በፊት ከፍተው አይተውት ቢሆንስ? ቀበቶ እኮ ማንም ሰው ያስገባል! እንዲህ ነኝ፤ ምን ላድርግ። ሽማግሌው ግን እንደኔ አልተጠራጠሩም፣ እንደ ሳጅኑም ደስ አላላቸውም። ፊታቸው ጠቆረ።

"ከማን አገኛችሁት? ማንደፍሮ ነው የሸጠላችሁ?"

"ማንደፍሮ ማን ነው?" አልኩ።

"ማ. ነዋ!" አሉና የቆርቆሮውን ጽሑፍ በጣታቸው መቱት።

ያን ጊዜ ወደ እትዬ የሻረግ ዞርኩ። ከዳንግላ ጀምሮ አፋቸው ያላረፈው ሴትዮ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ዶሮዋን ይደባብሳሉ። ጠረጠርኩ። ምን እንደጠረጠርኩ ግን አላውቅም።

እትዬ የሻረግ ከገበያ ነው የገዛሁት ብለው አለፉ፤ ሳጅኑም ነገሩ እስኪጣራ ሳጥኑ ጋሼ ፈንታሁን ዘንድ እንዲቆይ አስፈረመን። ለሁለት ሳምንት ከቢሮ ስወጣ ወደ እሳቸው ክፍል እሄዳለሁ፤ ለመማር ነው እላለሁ፣ ለመጠበቅ ነው። እትዬ የሻረግም ከእህታቸው ቤት እየመጡ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሳጥኑን ይጠብቁ እኔን እንጃ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን እጠብቃለሁ። ጋሼ ፈንታሁን የበሰበሰውን ሽቦ እየነቀሉ፣ በአዲስ እየተኩ፣ ቀስ በቀስ አወሩን።

በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ሳሉ፣ የዳንግላ ጀነሬተር ቤት ረዳት ነበሩ። ማንደፍሮ በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ፣ የልብ ጓደኛቸው። ሦስቱን አምፑል ከሦስት የሞቱ ሬዲዮዎች አወጡ። አጭሩ አራተኛ ከአንድ የወታደር መገናኛ የመጣ ነው፤ እንዴት እንደመጣ ስጠይቃቸው አስነጠሳቸው። ማንደፍሮ ሳጥኑን ከዋንዛ አበጀው፣ እንደ ሙሽራ አልጋ ወለወለው። ትራንስፎርመሩን በእጃቸው ነው የጠመጠሙት፤ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይቆጥራል። ማንደፍሮ ሲደክመው በአዊኛ ይቆጥራል፣ ፈንታሁን ሲደክማቸው በአማርኛ፤ ስምንት መቶ ገደማ ሲደርሱ ይጣሉና ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። ሦስት ጊዜ ፈትተውታል። ለማይክ የተሰበረ ስልክ እጀታ አደረጉለት።

መጀመሪያ የተናገሩበት ቀን ዳንግላ ገበያ አንዲት በቅሎ ጠፍታ ተገኝታ ነበር፤ ባለቤቷ እንዲመጣ ማንደፍሮ በእጀታው ጮኸ። ገበያተኛው ወደ አራቱም ማዕዘን ፈረጠጠ። በቅሎዋም ደንግጣ ገመዷን በጥሳ ሁለተኛ ጠፋች። በማግስቱ የቀበሌ ሰዎች ሁለቱን ጠርተው "ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩበት?" አሏቸው።

"ከገበያው ጋር።"

"ማን ነው የሚመልስላችሁ?"

"እስካሁን ማንም አልመለሰልን። ሁሉም ሮጠ።"

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሳጥኑ በቀበሌው አዳራሽ እንዲቀመጥ፣ ለስብሰባም ለሠርግም እንዲያገለግል ተፈቀደ። የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ በፈንታሁን፣ አንዱ በማንደፍሮ እጅ። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ግርግሩ ሲበርድ ሄደው ቢከፍቱ ሳጥኑ የለም። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱ በሥርዓት ተዘግቷል። ሁለቱ ጓደኛሞች እዚያው ባዶው ክፍል ውስጥ ተያዩ። ያን ቀን እንደተለያዩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ፈንታሁን ወደ እንጅባራ መጡ፤ ማንደፍሮ ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ገባ።

"ቢሸጠውም አይከፋኝም ነበር" አሉ ጋሼ ፈንታሁን፣ ብየዳውን እፍ እያሉ። "ሳይነግረኝ ነው የከፋኝ። ሠርቻለሁ ስል ሰው ሲስቅብኝ፣ እውነት ነው ብሎ የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም አኮረፈኝ።"

እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እትዬ የሻረግ ደግሞ ዶሮዋን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ።

ወሬ ግምጃ ቤት ለመድረስ ባጃጅ አይፈልግም። በሁለተኛው ረቡዕ ጋሼ ማንደፍሮ ራሳቸው፣ ረጅም ሽማግሌ፣ በትር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሳጥኑን አዩ፣ ፈንታሁንን አዩ።

"ይኸው!" አሉ። "ሃያ ሁለት ዓመት አንተ ዘንድ ነበር!"

"እኔ ዘንድ? አንተ ሸጠኸው ዞሮ ዞሮ መጣልኝ እንጂ!"

ከዚያ ወደ አዊኛ ገቡ። እኔ አዊኛ አልሰማም። ተማክረው ሳጥኑን ይዘው ሊጠፉ ይሆን ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። "ምን እያሉ ነው?" አልኳቸው እትዬ የሻረግን።

"ስለ ቤተሰብ እየተጠያየቁ ነው" አሉኝ። ድምፃቸው ግን የመጠያየቅ አልነበረም።

ሲደክማቸው ተዉት። ከዚያ በኋላ ንግግራቸው ሁሉ በኔ በኩል ሆነ።

"ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ ዕቃው አልቋል፣ ሊሞከር ነው።"

"ለዚያኛው ሰውዬ ንገረው፤ እጀታውን መያዝ የሚያውቀው እኔ ነኝ።"

ከሙዚቃ ቤት ተውሰን ያመጣነውን ስፒከር ውጭ፣ መንገድ ዳር አቆምን። ጋሼ ፈንታሁን ለመስማት ስፒከሩ አጠገብ ቆሙ፤ ጋሼ ማንደፍሮ ውስጥ የስልኩን እጀታ ያዙ። መብራት ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለቱም ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ ጠበቁ። ሲመጣ አምፑሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ፤ የተቃጠለ ላባ ሸተተ። ስፒከሩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አንድ፣ ሁለት" ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ማንደፍሮ እጀታውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እንዲህ አሉ፦

"ፈንታሁን። አልሸጥኩትም።"

ድምፁ ከመናኸሪያው ማዶ ተመለሰ። ባጃጆች ቆሙ። ጋሪ የሚስብ ፈረስ ጆሮውን አቆመ። ጋሼ ፈንታሁን መንገዱ ዳር ደርቀው ቀሩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ገቡና እጀታውን ተቀበሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ ጆሮ ላይ ማንሾካሾክ ይችላሉ። ፈንታሁንም በድምፅ ማጉያው፦

"እኔም አልሸጥኩትም" አሉ።

"ታዲያ ማን ወሰደው?" አሉ ማንደፍሮ፣ አሁንም በእጀታው። "ቁልፉ ሁለት ነበር!"

ከተማው ሁሉ ማን እንደወሰደው መጠየቅ ጀመረ። ከውጭ አንድ የባጃጅ ሾፌር "ሹፌሩን ጠይቁት!" አለ፤ የምን ሹፌር እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ። ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ዶሮዋን እኔ ላይ ጥለው ተነሱ። እጀታውን ከሁለቱ እጅ ወሰዱ። ሳል አሉ፤ ሳላቸው እንጅባራን አዳረሰ።

"የሻረግ ነኝ" አሉ። "የቀበሌው አዳራሽ ፅዳት ነበርኩ፤ አርጅቼ አላወቃችሁኝም። ያን ቀን ሰው ወንበሩን ይዘርፋል፣ ያልቻለውን ይሰብራል። ይኼን የመሰለ ዕቃ ሜዳ ላይ ሊከሰከስ ነው ብዬ በመስኮት አወጣሁት። ለባለቤቶቹ እመልሳለሁ ስል አንድ ቀን አደረ፣ አንድ ሳምንት አደረ፣ ከዚያ ሌባ መባሉን ፈራሁ። ሰው እንዳይጠረጥር ዶሮ አስቀመጥኩበት። ይቺ ስድስተኛዋ ናት።"

ጋሼ ፈንታሁን በባዶ አፋቸው፣ ያለ ማጉያ፣ "መስኮቱ ግን ተዘግቶ ነበር" አሉ።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አሉ እትዬ የሻረግ። "ዝናብ ነበር። ያጸዳሁት ወለል እንዳይረጥብ ብዬ።"

ጋሼ ማንደፍሮ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው። "ያን መስኮት የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ። "መቀርቀሪያው አይይዝም ነበር። ነገ አስተካክለዋለሁ እያልኩ…"

"ታዲያ ጥፋቱ ያንተ ነው!" አሉ ፈንታሁን።

"አንተስ ሃያ ሁለት ዓመት መስኮቱን ገፋ ማድረግ ያቅትሃል?"

እንደገና ወደ አዊኛ ገቡ። አሁን ግን ትርጉም አልጠየቅኩም። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ወደ መሬት ለቀው ይቅርታ ሲሉ ሁለቱም እኩል ብድግ ብለው ያዟቸው። ይቅር ብለዋል፤ እንዲያውም ሳይሰበር ያኖሩት እሳቸው ናቸው ተብሎ ተመረቁ። ሳጅኑም መጥቶ በራሱ እጅ መዝገቡን ዘጋ። ለኔ ድርሻ የሰጠኝ የለም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

ሳጥኑ ማን ዘንድ ይቀመጥ በሚለው ግን አንድ ቀን ሙሉ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ፈንታሁን ዘንድ ሆነ፤ ማንደፍሮ በየሰኞው እየመጡ አለመሸጡን ሊያዩ ይችላሉ ተባለ። ጥብቅ ውል ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ይኸው ሰኞ ሰኞ፣ ከቢሮ ስወጣ፣ ጋሼ ማንደፍሮ ከግምጃ ቤት መጥተው በሩ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

"አለ?" ይላሉ፣ ቆጣ ብለው።

"አለ። ግባ" ይላሉ ጋሼ ፈንታሁን።

ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እስኪመሽ ያወራሉ። ሳጥኑን ግን ዞር ብለው አያዩትም።